ግድብ መቼ ይሞላል፣ መቼስ ይጎድላል? የዴንቨር ማጠራቀሚያና የጣና ሐይቅ ሒሳብ

በአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት ውሃውና ሕዝቡ በተራራ ተለያይተው ይኖራሉ። ዝናቡና በረዶው በብዛት የሚወርደው ከሮኪ ተራሮች በስተምዕራብ ሲሆን፣ አብዛኛው ነዋሪ የሰፈረው በምሥራቁ ደረቅ ወገን ነው። በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ዴንቨርና ኦሮራም በዚሁ በደረቁ ወገን ይገኛሉ። በእነዚህ ከተሞች በጀበና የሚፈላው ውሃ፣ በተራራ ሥር በተቦረቦረ ዋሻ አልፎ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ጉዞ ዋና ዋና መነሻዎች አንዱ ዲለን የተባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1963 የተጠናቀቀ ሲሆን፣ የሚያስተዳድረው ዴንቨር ዋተር የተሰኘው የውሃ አቅራቢ ድርጅት ነው። ሐይቁ ሲሞላ 317 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ገደማ ይይዛል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,748 ሜትር ላይ በመገኘቱም ከደብረ ብርሃን ከተማ ጥቂት ብቻ ዝቅ ይላል። ከሐይቁ የሚነሳው የሮበርትስ ዋሻ 37 ኪሎ ሜትር ያህል በተራሮቹ ሥር ይጓዛል። ውሃው ያለ ፓምፕ፣ በቁልቁለቱ ብቻ እየተነዳ ወደ ሳውዝ ፕላት ወንዝ ገባር ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ዴንቨር ያመራል።

የዲለንን ከፍታ መቆጣጠር ሁለት ሥጋቶችን በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ነው። የመጀመሪያው ድርቅ ነው፦ ሐይቁ ሳይሞላ የበረዶው መቅለጥ ካበቃ፣ እስከ ቀጣዩ ዓመት ድረስ የሚተካ ውሃ አይኖርም። ሁለተኛው ጎርፍ ነው፦ ሐይቁ ቀድሞ ሞልቶ በረዶው መቅለጡን ከቀጠለ፣ ትርፉ ውሃ ክብ ጉድጓድ በሚመስለው ማስተንፈሻ ይወርዳል። ይህ ማስተንፈሻ የሚከፈትና የሚዘጋ በር የለውም። ውሃው ከአፉ ካለፈ በኋላ የሚወርደውን መጠን የሚወስነው ባለሙያው ሳይሆን ወደ ሐይቁ የሚገባው ውሃ ነው። ከግድቡ ሥር ደግሞ ሲልቨርቶርን የተባለች ከተማ አለች። የከተማዋን ዳርቻ ከጎርፍ ለመጠበቅ፣ ከግድቡ የሚለቀቀው ውሃ በሰከንድ ከ51 ሜትር ኪዩብ እንዳይበልጥ ጥረት ይደረጋል።

ስለዚህ በጸደይ መግቢያ በሐይቁ ውስጥ ሆን ተብሎ የሚተው ባዶ ቦታ አለ። ይህ ቦታ ገና ላልቀለጠ በረዶ የተያዘ ነው። ጥያቄው ስፋቱ ምን ያህል ይሁን የሚለው ነው። ከበዛ ከተማዋ ሊጠቅማት ይችል የነበረ ውሃ ወደ ወንዙ ወርዶ ይሄዳል፤ ካነሰ ደግሞ ጎርፍ ይመጣል።

መልሱን ለማግኘት በረዶው መመዘን አለበት። በተራሮቹ ላይ የተተከሉት ራስ ሠር ጣቢያዎች ፈሳሽ የተሞላ ትልቅ ትራስ የሚመስል መሣሪያ አላቸው። በላዩ የሚያርፈው በረዶ ሲከብድ የፈሳሹ ግፊት ይጨምራል፤ ከግፊቱም በረዶው ቢቀልጥ ምን ያህል ውሃ እንደሚሆን ይሰላል። የጣቢያዎቹ ድክመት ቁጥራቸው ጥቂት መሆኑና በብዛት ከከፍተኛዎቹ ጫፎች በታች መተከላቸው ነው። በእነሱ ዙሪያ ያለው በረዶ ቀልጦ ሲያልቅ መሣሪያው ዜሮ ያሳያል፤ ከላይ ባሉት ጫፎች ላይ ግን ገና ብዙ በረዶ ሊኖር ይችላል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ዴንቨር ዋተር እ.ኤ.አ. በ2019 አውሮፕላን ተጠቅሟል። አውሮፕላኑ የሌዘር ጨረር ወደ መሬት እየላከ ጨረሩ ተመልሶ እስኪመጣ የሚወስደውን ጊዜ ይለካል። መሬቱ በረዶ በሌለበት ወቅት ከተወሰደው ልኬት ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ የበረዶውን ውፍረት ይሰጣል። ውፍረቱ በበረዶው እፍጋት ሲባዛ የውሃው መጠን ይታወቃል። በዚያ ዓመት በበጋው መግቢያ የተደረገው በረራ፣ የምድር ጣቢያዎቹ ሊያሳዩት ያልቻሉት ብዙ በረዶ በጫፎቹ ላይ መቅረቱን አሳየ። ባለሙያዎቹም ይህንን ይዘው የሚለቀቀውን ውሃ አስተካከሉ።

የውሃው ሒሳብ ግን በሳይንስ ብቻ አያልቅም። ከዲለን በታች፣ በዚያው ብሉ ሪቨር በተባለው ወንዝ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1943 ሥራ የጀመረው ግሪን ማውንቴን ግድብ አለ። ይህ ግድብ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ በምዕራቡ ወገን ለሚገኙ ገበሬዎችም የመስኖ ውሃ ያከማቻል። በኮሎራዶ ሕግ በውሃ ላይ ቅድሚያ ያለው ቀድሞ መብት ያስመዘገበ ወገን ነው። የግሪን ማውንቴን መብት በ1935 ሲመዘገብ፣ የዴንቨር የዲለን መብት የተያዘው በ1946 ነው። ስለዚህ ዲለን ከላይ ቢሆንም በወረፋ ኋለኛ ነው። በ1955 የተደረሰበት የፍርድ ቤት ስምምነት ይህንን ግንኙነት በዝርዝር ደንግጓል። ዴንቨር ውሃ ይዛ ግሪን ማውንቴን ሳይሞላ ከቀረ፣ የጎደለውን ውሃ ከሌላ ማጠራቀሚያዋ ትተካለች፤ ሳይመነጭ ለቀረውም ኤሌክትሪክ ካሳ ትከፍላለች።

ጎረቤቷ ኦሮራም ከተራራው ማዶ ውሃ ታመጣለች፤ ሆምስቴክ የተባለውን ማጠራቀሚያ ከኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተማ ጋር ትጋራለች። በተጨማሪም እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ ባስጀመረችው ፕሬሪ ዋተርስ በተሰኘ ፕሮጀክት፣ ተጣርቶ ወደ ሳውዝ ፕላት ወንዝ የተለቀቀውን ያገለገለ ውሃ ከወንዙ ዳር ጉድጓዶች ስባ፣ እንደገና አጣርታ ትጠቀማለች። አንድ ሊትር ውሃ ሁለት ጊዜ ባገለገለ ቁጥር፣ ከተራራው ማጠራቀሚያ የሚጠየቀው ያንሳል።

ተመሳሳይ ችግር በኢትዮጵያም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። እንደ ሮበርትስ ዋሻ ሁሉ ውሃን ከአንድ ተፋሰስ ወደ ሌላ ያሻግራል፤ የጣና ውሃ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በዋሻ ተጉዞ ተርባይን ካዞረ በኋላ፣ በመስኖ ልማት ወደታጨው የበለስ ሸለቆ ይወርዳል። በባሕር ዳር አቅራቢያ የሚገኘው የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ደግሞ ከሐይቁ ወደ ዓባይ የሚወጣውን ውሃ ይመጥናል።

የጣና ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ስፋት ላይ አሥር ሳንቲ ሜትር ውሃ ማለት 300 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ማለት ነው። የዲለን ሐይቅ በሙሉ ጣና ላይ ቢገለበጥ፣ የጣና ከፍታ የሚጨምረው በአንድ ስንዝር እንኳን አይደለም። በተቃራኒው በጣና ላይ ግማሽ ሜትር ለማውረድ መወሰን አምስት የዲለን ሐይቆችን እንደ ማፍሰስ ነው።

የዚህ ውሳኔ ክብደት እ.ኤ.አ. በ2003 ታይቷል። ዝናቡ በማነሱና ለጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ብዙ ውሃ በመለቀቁ የጣና ከፍታ እጅግ ወረደ። ጀልባዎች ለወራት ቆሙ፤ ገበሬዎችም ውሃ የሸሸበትን የሐይቁን ዳርቻ አረሱት። ሐይቁ ከልክ በላይ ሲሞላ ደግሞ የፎገራና የደንቢያ ሜዳዎች በጎርፍ ይጠቃሉ። ወደ ዓባይ የሚለቀቀው ውሃ ሲቀንስ፣ የጢስ እሳት ፏፏቴ ይመነምናል።

በሁለቱ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የዴንቨር ባለሙያዎች የሚመጣውን ውሃ ከመምጣቱ ሁለትና ሦስት ወር በፊት በተራራ ላይ ሊመዝኑት ይችላሉ። የጣና ክረምት ግን አስቀድሞ አይመዘንም። ሐይቁ በመስከረምና በጥቅምት ጫፉ ላይ ይደርሳል፤ በሰኔ ደግሞ ዝቅተኛው ላይ ይወርዳል። በትነት ብቻ በዓመት ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ያጣል። በጥቅምት የተገኘው ውሃ ለኤሌክትሪክ፣ ለመስኖ፣ ለጀልባ፣ ለዓሣና ለፏፏቴው የሚከፋፈለው፣ ቀጣዩ ክረምት ምን እንደሚያመጣ ሳይታወቅ ነው።

በረዶ የሌለው አገር የበረዶን ሚዛን ሊዋስ አይችልም፤ የ1955ቱን ዓይነት ስምምነት ግን መሥራት ይችላል። ሐይቁ በየወሩ ከየትኛው ከፍታ በታች መውረድ እንደሌለበት፣ ውሃ ሲያጥር በመጀመሪያ የሚቀንሰው ማን እንደሆነ፣ የተጎዳውስ በምን እንደሚካስ ሐይቁ ሞልቶ ሳለ ሊጻፍ ይችላል። ሐይቁ ከጎደለ በኋላ የሚደረግ ድርድር ውሃ ያለበት ድርድር አይደለም።