«ውሻ ነከሰኝ» ማለት ብቻ አይበቃም፦ የእግር ንክሻ ቁስል በካርድ ላይ እንዴት ይጻፍ?



ከገርጂ እስከ ሰሚት፣ ከሲኤምሲ እስከ አያት ባሉ ሰፈሮች ለሱብሒ ሰላት በጨለማ የሚወጣ ሰው የመንገድ ውሾችን ጠባይ ያውቃል። ቀን ሥጋ ቤት ደጃፍና ያላለቀ ሕንፃ ሥር ተኝተው ይውላሉ፤ ሌሊት ግን መንገዱ የእነሱ ነው። ሲነክሱም ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት እግርን ነው።

መምህር በነበርንበት ጊዜ ከተማሪዎቻችን አንዱ ከመድረሳ ሲመለስ ባቱን ተነከሰ። ወላጆቹ ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ ወሰዱት፤ የመጀመሪያውን ክትባትም ተከተበ። በካርዱ ላይ የሰፈረው ግን «የውሻ ንክሻ፣ እግር» የሚል ብቻ ነበር። ለሚቀጥለው ዙር ክትባቱ እዚያ ስላልነበረ ወደ ሌላ ተቋም ሄዱ። ባለሙያዋ ጠየቀች፦ የትኛው ክትባት ተሰጠው? በስንተኛው ቀን? ቆዳው ተበስቶ ነበር? ውሻውስ የት አለ? እናት አንድ ቀን ጠራች፤ አባት ሌላ። በምልልስ ሁለት ቀን ባከነ። ልጁ አልሐምዱሊላህ ደህና ነው። እኛ ግን አንዲት ያልተሟላች መስመር ምን ልታደርስ እንደምትችል ያየነው ያን ጊዜ ነው።

ለምን ይህን ያህል ያሳስባል?

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገድላል። ከንክሻው እስከ ምልክቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ጊዜ አለ፤ አንዳንዴ ሳምንት ብቻ፣ አንዳንዴም ዓመት ሊሆን ይችላል። ክትባቱ የሚያድነው በዚህ መሐል ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በሽታው በዓመት ወደ 59 ሺህ ሰዎችን ይገድላል፤ ከእነዚህም 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ለአዲስ አበባም እንግዳ አይደለም፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1903 በከተማዋ ወረርሽኝ መነሣቱ ተመዝግቧል። በዕድሜ የገፉ አንባቢዎቻችን ጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ ካለው፣ «ፓስተር» እያሉ ከሚጠሩት ተቋም የሚወጣውንና ለብዙ ቀናት በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋውን የቀድሞውን ክትባት ያስታውሱታል። የአሁኑ ዘመናዊ ክትባት የሚሰጠው ክንድ ላይ ነው፤ የመርፌው ቁጥርም በጣም ያነሰ ነው።

ከካርዱ በፊት፦ ውኃና ሳሙና

ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ። ቡና፣ ቅጠል ወይም ሌላ ነገር ቁስሉ ላይ ማድረግ አይገባም። አንዳንድ ወንድሞች ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱም በአፈር እንዲታጠብ የመጣውን ሐዲስ አስበው ቁስሉን በአፈር ሊያሹ ይሞክራሉ። ሐዲሱ የመጣው ስለ ዕቃ ነው። የውሻ ምራቅ ልብስንና አካልን ስለ መንካቱ መዝሀቦች የተለያየ አቋም ስላላቸው ዓሊሞቻችሁን ጠይቁ፤ የተከፈተ ቁስል ላይ የገባ አፈር ግን መንጋጋ ቆልፍን ሊያመጣ ይችላል።

ካርዱ ላይ ምን ይስፈር?

ባለሙያው ሲጽፍ እነዚህ መኖራቸውን በአክብሮት ጠይቁ፦

1. ጊዜው፦ የተነከሱበት ቀንና ሰዓት፣ እንዲሁም ሕክምና የደረሱበት ሰዓት።

2. ቦታው፦ ቀኝ ወይስ ግራ? ጭን፣ ጉልበት፣ ቅልጥም፣ ባት፣ ቁርጭምጭሚት ወይስ የእግር መዳፍ?

3. ጥልቀቱ፦ ቆዳው ተበስቷል? ስንት ቦታ? ደምቷል? ቆዳው ሳይቆስል መላስ ብቻ አንደኛ ምድብ ነው፤ ሳይደማ መጫር ሁለተኛ፤ ቆዳ የበሳ ንክሻ ሦስተኛ። ሦስተኛው ከክትባቱ በተጨማሪ ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ኢሚውኖግሎቡሊን ያስፈልገዋል።

4. እንስሳው፦ ባለቤት አለው? ተከትቧል? ጤነኛ የሚመስል ውሻ ከተያዘ ለ10 ቀን ይታያል፤ ይህም ክትባቱ ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለውን ይወስናል። ይህን ለማየት ተብሎ ግን ክትባት መጀመር አይዘገይም።

5. የተሰጠው፦ የክትባቱ ስምና የምርት ቁጥር፣ የተሰጠበት ቀን፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ። የመጀመሪያው መርፌ ቀን «ዜሮ ቀን» ይባላል፤ ሌሎቹ ሁሉ ከእሱ ይቆጠራሉ።

ኮዱስ ለምን?

ካርዱ ከሐኪሙ በኋላ ወደ ቁጥር ይለወጣል። በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ 10ኛ እትም የጭን ክፍት ቁስል ኤስ 71፣ ከጉልበት በታች ያለው (ጉልበትን ጨምሮ) ኤስ 81፣ የቁርጭምጭሚትና የእግር መዳፍ ደግሞ ኤስ 91 ነው። ይህ ግን ቁስሉን ብቻ ይናገራል፤ ውሻ መሆኑን የሚናገረው ደብልዩ 54 ነው። ሐኪሙ «እግር» ብሎ ካለፈ መዝጋቢው ቦታው ያልተለየ ወደሚባለው ቲ 13.1 ለመሄድ ይገደዳል። ደብልዩ 54 ከተዘነጋ ደግሞ ንክሻው በሚስማር ከተወጋ እግር ጋር አብሮ ይቆጠራል። ያልተቆጠረ ንክሻ ክትባት ሲታዘዝ ማን ያስታውሰዋል?

በአሜሪካ በዚህ ሙያ ለተሰማሩ ወገኖቻችን ጉዳዩ ይበልጥ ይጠብቃል፤ በዚያ የቀኝ ቅልጥም ወይም ባት ክፍት ንክሻ ኤስ 81.851 ሲሆን የግራው ኤስ 81.852 ነው። መጨረሻ ላይ ለመጀመሪያ ሕክምና ኤ፣ ለክትትል ዲ ይጨመራል። ቀኝና ግራ ካልተለየ የኢንሹራንስ ክፍያ ሊጓተት ይችላል።

መብትም አለበት

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ እንስሳው አምልጦ ቢሆን እንኳ። ውሻው የጎረቤት ከሆነ በጉርብትና መስማማቱ ይበልጣል። ነገሩ ክርክር ላይ ከደረሰ ግን ቀኑንና ጉዳቱን የሚያስረዳው ያው ካርድ ነው።

ቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ አል-በቀራህ 282፣ ስለ ብድር መጻፍ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ለገንዘብ ይህን ያህል ጥንቃቄ ካስፈለገ ለነፍስማ እንዴት አይበልጥ? ካርዳችሁን በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፤ የቀጠሮ ቀኖቹንም ለቤተሰብ ንገሩ። ውሾቹንም በድንጋይ አንተናኮል፤ ለተጠማ ውሻ ውኃ ያጠጣ ሰው ምሕረት ማግኘቱን የነገሩን ነቢያችን ﷺ ናቸው።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። ወላሁ አዕለም።