ድምፅ በቴፕ ሲቀዳና በቁጥር ሲቀዳ

በየትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤትና በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ዛሬም ካሴቶች ይገኛሉ። አንዳንዶቹ የቋንቋ ትምህርት፣ አንዳንዶቹም ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሽማግሌዎች የተናገሩትን ታሪክ ይዘዋል። የካሴት ማጫወቻው ግን እየጠፋ ነው። እነዚህን ድምፆች ወደ ዲጂታል ብናዛውራቸው ምን እናተርፋለን? ምንስ እናጣለን? ለመመለስ በመጀመሪያ የሁለቱን አሠራር እንመልከት።

አናሎግ ቴፕ

ማይክሮፎን የአየርን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ይለውጣል። ሞገዱ ሄድ ወደሚባለው የመቅጃው ክፍል ሲደርስ በቴፑ ላይ የተቀቡትን ደቃቅ የብረት ኦክሳይድ ቅንጣቶች ያመገንጣል። የማግኔቱ ኃይል ከሞገዱ ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ ስለሚል አቀዳዱ አናሎግ ይባላል። እንዲህ ያለው መሣሪያ፣ ማግኔቶፎን፣ በ1935 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ለሕዝብ ታየ፤ የፊሊፕስ ካሴት ደግሞ በ1963 እ.ኤ.አ. ወጣ።

ቅንጣቶቹ እኩል ስላልሆኑ ከድምፁ ሥር ዘወትር «ሽሽሽ» የሚል ጩኸት ይሰማል። ቴፑ በፈጠነና በሰፋ መጠን ጩኸቱ ይቀንሳል። ካሴት በሴኮንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሲሄድ፣ የስቱዲዮ ቴፕ ግን 38 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 8 እጥፍ ያህል ይሄዳል። የጥራታቸው ልዩነት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ዲጂታል አቀዳድ

በዲጂታል ዘዴ የሞገዱ ከፍታ በየጊዜው እየተለካ በቁጥር ይጻፋል። በ1982 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ በዋለው ሲዲ ልኬቱ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ነው፤ እያንዳንዱም በ16 ቢት፣ ማለትም ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ ይመዘገባል።

«በልኬቶቹ መካከል ያለው ድምፅ ይጠፋል» የሚሉ አሉ። ይህ ትክክል አይደለም። የልኬቱ ብዛት ከሞገዱ ድግግሞሽ ከእጥፍ በላይ ከሆነ ሞገዱን እንዳለ መልሶ መሥራት ይቻላል። የሰው ጆሮ የሚሰማው እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ነው፤ የ44,100 ግማሽ ደግሞ 22,050 ነው።

ንጽጽር

ጩኸት መቀነሻ በሌለው ተራ ካሴት በከፍተኛው ድምፅና በጩኸቱ መካከል ያለው ርቀት 50 ዴሲቤል ገደማ ሲሆን በ16 ቢት ግን 96 ያህል ነው። በሞገድ ከፍታ ሲሰላ የመጀመሪያው 300 እጥፍ፣ ሁለተኛው ከ60,000 እጥፍ በላይ ይሆናል። በተጨማሪም ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ ጩኸቱ ይደራረባል፤ ቁጥር ግን ሺህ ጊዜ ቢገለበጥም ያው ቁጥር ነው።

የሆነ ሆኖ ቴፕም የራሱ ብልጫ አለው። ድምፁ ከልክ ሲያልፍ ቴፕ ቀስ በቀስ ይጨናነቃል እንጂ ወዲያው አይበላሽም። ዲጂታሉ ግን ከመጨረሻው ቁጥር በላይ የሚጽፈው ስለሌለው የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፤ ድምፁም ይሰነጠቃል። እንዲሁም ያረጀ ካሴት እየተንሻፈፈም ቢሆን ይሰማል፤ የተበላሸ የዲጂታል ማኅደር ግን ጨርሶ ላይከፈት ይችላል።

ምን እናድርግ?

እንግዲህ ማዛወሩ ግድ ነው። ይሁን እንጂ ዲጂታል ቅጂ በካሴቱ ላይ የሌለውን ጥራት አይፈጥርም፤ ያለውን ብቻ ይጠብቃል። ስለዚህ በመጀመሪያ የማጫወቻውን ሄድ በአልኮል እናጽዳ። የመቅጃውን መጠን ከጫፉ በጥቂቱ ዝቅ እናድርግ። ቅጂውን በሁለት የተለያዩ ቦታዎች እናስቀምጥ፤ ዋናውንም ካሴት አንጣል። ይህን ሁሉ ግን ካሴቱም ማጫወቻውም በሚሠሩበት ጊዜ ማድረግ አለብን።

ለተማሪዎች መልመጃ፦ የ1 ሰዓት ንግግር በአንድ መስመር፣ በሴኮንድ 44,100 ልኬት፣ በ16 ቢት ሲቀዳ ስንት ባይት ይሆናል? (መልስ፦ 317,520,000)