የአይሮፕላን ጅራት ምርመራና የነጋዴው ጥቅም

አበባ ወይም ሥጋ በአይሮፕላን የሚልክ፣ መለዋወጫ ዕቃም የሚያስመጣ ነጋዴ፣ አይሮፕላኑ ለምርመራ ቆሞ ጭነቱ ሲዘገይበት ማዘኑ አይቀርም። ነገር ግን ምርመራው በግዴታ የሚታዘዝበትን ምክንያት መረዳት ይገባዋል።

በአይሮፕላን ጅራት ላይ አግድም የተዘረጋው ክንፍ የአይሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ላይና ወደ ታች ያስተካክላል። ኤም ዲ 83 በተባለው አይሮፕላን ይህን ክንፍ የሚያንቀሳቅሰው እንደ ክሪክ የሚሽከረከር ረዥም ብሎን ሲሆን፣ የሚዞረውም ከነሐስ በተሠራ ዳዶ ውስጥ ነው። ግሪስ ሲያንሰው የዳዶው ጥርስ ይበላል።

በአውሮፓ አቆጣጠር ጃንዩዌሪ 31 ቀን 2000 ዓ.ም. የአላስካ አየር መንገድ በረራ 261 በካሊፎርኒያ ጠረፍ አጠገብ ባሕር ውስጥ ወድቆ 88 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎች እንዳረጋገጡት፣ ግሪሱ በሚገባ ስላልተቀባ የዳዶው ጥርስ ተበልቶ አልቆ ነበር። ግሪስ የሚቀባበትና የጥርሱ መበላት የሚለካበት ጊዜም ቀስ በቀስ ተራዝሞ፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም ይህንኑ ፈቅዶ ነበር።

በፌብሩዋሪ ወር የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ተመሳሳይ አይሮፕላኖች በ72 ሰዓት ውስጥ መመርመር እንዲጀምሩ አዘዘ። በየ650 የበረራ ሰዓት ግሪስ እንዲቀባ፣ በየ2,000 ሰዓትም ጥርሱ እንዲለካ ተወሰነ።

እንግዲህ ምርመራን በማራዘም የሚገኘው ትርፍ የጥቂት ሰዓት ሥራ ነው፤ ኪሳራው ግን ሕይወት፣ አይሮፕላንና ጭነት ነው። የተለመደው የጭነት ኢንሹራንስ መዘግየት የሚያመጣውን ጉዳት ስለማይከፍል፣ ቶሎ የሚበላሽ ዕቃ የሚልክ ነጋዴ ይህን ጉዳይ አስቀድሞ በውሉ ውስጥ ቢያስገባ ይጠቀማል።