የሐረር ፔጆ 404 መብራት ሲደክም

በጀጎል ግንብ ዙሪያ አሮጌዎቹ ፔጆ 404 ታክሲዎች ለዓመታት ሐረርን አገልግለዋል። ሞዴሉ በ1960 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ኮምፒውተር ስለሌለው ባለቤቱ የኤሌክትሪክ ችግሩን ቤቱ ሆኖ በቴስተር ሊፈልግ ይችላል።

መጀመሪያ ባትሪው ይለካል። መኪናው ጠፍቶ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው። ሞተሩ እየሠራ ወደ 14 ካልተጠጋ ጥርጣሬው ወደ ዲናሞው፣ ወደ ሬጉሌተሩ ወይም ወደ ቺንጋው ያመራል።

እነዚህ ደህና ሆነው መብራቱ ከፈዘዘ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ማሳው ላይ ነው፤ ከቦዲው ጋር የሚያያዘው ሽቦ ዝጎ ወይም ላልቶ ይገኛል። የባትሪው ኔጋቲቭ ተነቅሎ፣ ዝገቱ ተፍቆ ብሎኑ ይጠብቃል።

ፊውዝ ደጋግሞ ከተቃጠለ የተላጠ ሽቦ ቦዲ እየነካ ሊሆን ይችላል። እባክዎ በፊውዙ ቦታ ሽቦ አይቋጥሩ፤ መኪናውን ሊያቃጥል ይችላል።