የማይሰማ ንቅናቄ፦ የከርሰ ምድር የኒውክሌር ፍንዳታና የገጽ ሞገዶች



እሑድ ነሐሴ 28 ቀን 2009 ዓ.ም. ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሰሜን ኮሪያ በፑንጊዬ-ሪ ተራራ ሥር የኒውክሌር ቦምብ አፈነዳች። ከዚያ እስከ ፍኖተ ሰላም 9,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በምድር ውስጥ አቋርጦ የሚመጣው የመጀመሪያው ሞገድ ይህን ርቀት በ12 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይጨርሰዋል። የምድርን ገጽ ተከትለው የሚመጡት ሞገዶች ግን በሰከንድ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዙ የሚደርሱት 1 ሰዓት ከሩብ ግድም ነው። በዚያን ጊዜ የምዕራብ ጎጃም ምድር ከፍ ዝቅ ብሏል፤ በቤተ ክርስቲያን የቆመው ምእመን ግን አንዳች አልተሰማውም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። እዚህ ሲደርስ የሬይሊ ሞገድ መሬቱን የሚያነሣው ቢበዛ በሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ገደማ ነው። አንዱ ውዝዋዜ 20 ሰከንድ ይፈጃል፤ የሞገዱም ርዝመት 70 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ካለው ርቀት ከእጥፍ ይበልጣል።

ታዲያ ይህን ሞገድ መለካት ለምን ያስፈልጋል? የመሬት መንቀጥቀጥ ሲከሰት ሰፊ የስንጥቅ ገጽ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ጠንካራ የገጽ ሞገድ ያመነጫል። ፍንዳታ ግን በጠባብ ስፍራና በቅጽበት ዐለቱን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይገፋል፤ በውስጠ ምድር ሞገዱ መጠን ሲመዘን የገጽ ሞገዱ ደካማ ነው። በ2009ኙ ፍንዳታ የውስጠ ምድር ሞገዱ መጠን 6 ገደማ ሲሆን የገጽ ሞገዱ በ1 ያህል አንሷል፤ ይህም በሞገዱ ከፍታ ሲታሰብ የ10 እጥፍ ልዩነት ነው። አንድ መንግሥት «የመሬት መንቀጥቀጥ ነው» ብሎ ቢክድ ይህ ልዩነት ይመሰክርበታል።

ምስክሩ ግን ብቻውን አይበቃም። በአነስተኛ ፍንዳታ ጊዜ የገጽ ሞገዱ በነፋስና በውቅያኖስ ማዕበል በሚነሣው ንዝረት ይዋጣል። በዐለቱ ውስጥ የታመቀ ውጥረት ሲለቀቅም የፍንዳታውን መልክ ያደበዝዛል። ስለሆነም ጸጥ ባለ ዐለት ላይ የተተከሉ ብዙ ጣቢያዎች ያስፈልጋሉ፤ ከአየር የሚሰበሰብ የራዲዮአክቲቭ ጋዝ ናሙናም ማስረጃውን ያጸናል።

ሀገራችን በዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የከርሰ ምድር ሙከራዎችን ለመከታተል ጭምር የተዘረጋው የዓለም አቀፍ ሳይስሞግራፍ መረብ አባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ለፊርማ የቀረበውን የኒውክሌር ሙከራ እገዳ ስምምነት ኢትዮጵያ ፈርማ አጽድቃለች፤ የፉሪ ጣቢያም የስምምነቱ ረዳት ጣቢያ ነው። ስምምነቱ ግን እስካሁን በሥራ ላይ አልዋለም።

ተማሪዎቼ፤ ቦምብ የሌለው ሀገር ድምፁ የሚከበረው መረጃውን ራሱ ማንበብ ሲችል ነው። ያንን ንባብ የምትማሩት እናንተ ናችሁ።