ቁንጫውን እንግደል፣ ቡችላውን ግን እናድን

የአገር ጉዳይ በሚነሳበት ገጽ ላይ ስለ ቁንጫ መጻፍ ምን አመጣው የሚሉን አንባብያን እንደማይጠፉ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ስደተኛ የሚኖረው በስብሰባና በሰላማዊ ሰልፍ ብቻ አይደለም። ልጅ ያሳድጋል፣ ቤት ያስተዳድራል። ልጆቹም ባደጉበት አገር ልማድ ውሻ ይገዛልን ይላሉ። እናትና አባት ጥቂት ከተከራከሩ በኋላ ይረታሉ፤ ቡችላውም ቤት ይገባል። ብዙ ጊዜ ከእርሱ ጋር ያልተጋበዘ እንግዳ ይከተላል፤ እርሱም ቁንጫ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቻችን በአገር ቤት የምናውቀው ውሻ ግቢ የሚጠብቅ፣ ደጅ የሚያድር ውሻ ነው። ቁንጫ ሲበዛበት ላምባ በነካ ጨርቅ ማሸት፣ አንዳንዴም ለወባ ትንኝ የመጣውን ዲዲቲ መነስነስ በየሰፈሩ ያየነው ነገር ነው። ትልቅ ውሻ ይህን ችሎ ሊተርፍ ይችል ይሆናል። ገና ጡት ያልተወ ቡችላ ግን አይችልም። ላምባ ቆዳውን ያቃጥለዋል፤ ሲልሰው ደግሞ ወደ ሳንባው ሊገባና ሊገድለው ይችላል። ዲዲቲም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1972 አሜሪካ ያገደችው፣ በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነትም እንደ ወባ ያሉ በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ከመከላከል ውጭ እንዳይሠራበት የወሰነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ቁንጫ በቡችላ ላይ ቀላል ነገር አይደለም

ቁንጫ ደም መጣጭ ነው። አንድ ወይም ሁለት ኪሎ በሚመዝን ቡችላ ሰውነት ውስጥ ያለው ደም ጥቂት ነው። ብዙ ቁንጫ ለቀናት ሲመጠው ቡችላው የደም ማነስ ይይዘዋል፤ በዚሁም ሊሞት ይችላል። ምልክቱን ለማየት ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ ድዱን መመልከት ነው። ሮዝ መሆን የነበረበት ድድ ከነጣ፣ ቡችላው ከደከመና መጥባት ወይም መብላት ከተወ፣ እስከ ነገ ሳይባል የዚያኑ ዕለት ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።

ሌላም ጣጣ አለ። ቡችላው ሲያሳክከው ራሱን እየነከሰ ቁንጫውን ይውጠዋል። በቁንጫው ውስጥ ያለው የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ጥገኛ ትልም አንጀቱ ውስጥ ያድጋል። በጭራው ሥር የሩዝ ፍሬ የሚመስል ነገር ከታየ ይኸው ነው። እምብዛም ባያጋጥምም ወለል ላይ ከቡችላው ጋር የሚጫወት ሕፃን ቁንጫ ከዋጠ ትሉ ሊይዘው ይችላል።

ቁንጫ መኖሩን ለማረጋገጥ ቡችላውን ነጭ ወረቀት ላይ አቁሞ ማበጠር ይበቃል። የሚረግፈው ጥቁር ነጠብጣብ ውሃ ሲነካው ወደ ቀይ ከተለወጠ አፈር ሳይሆን ቁንጫው የጣለው ደም ነው።

ምን እናድርግ?

መልሱ በዕድሜው ይወሰናል። ከ4 ሳምንት በታች ለሆነ ቡችላ የሚታመነው መሣሪያ ጥርሱ የጠበቀ ሚዶ ነው። ቡችላውን ሞቅ ባለ ቦታ በፎጣ ይዞ፣ ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ጭራው ሥር በዝግታ ማበጠር፣ የተያዘውን ቁንጫ ሳሙና ባለበት ውሃ ውስጥ መንከር፣ ይህንንም በየቀኑ መደጋገም ነው። በዚህ ዕድሜ ቡችላ የራሱን ሙቀት በደንብ መጠበቅ ስለማይችል ገላውን መዘፍዘፍ ለብርድ አሳልፎ መስጠት ነው።

ከፍ ላለው ለብ ባለ ውሃና በጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ማጠብ ይቻላል። በመጀመሪያ አንገቱን ዙሪያውን በአረፋ ማጠር ይገባል፤ አለበለዚያ ቁንጫው ውሃ ሲነካው ወደ ራሱና ወደ ጆሮው ይሸሻል። ሳሙናው ዓይኑ ውስጥ እንዳይገባ መጠንቀቅ፣ በደንብ ማለቅለቅ፣ ወዲያውም በፎጣ አድርቆ ሙቀት ውስጥ ማቆየት ያሻል። ሳሙና ቆዳ ስለሚያደርቅ በየቀኑ መደረግ የለበትም።

መድኃኒትን በተመለከተ፣ በአሜሪካ ኒተንፓይራም የተባለው ክኒን ከ4 ሳምንት ዕድሜና ከ2 ፓውንድ፣ ማለትም ከ900 ግራም ያህል ክብደት ጀምሮ ይፈቀዳል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቁንጫ መግደል ይጀምራል፤ ኃይሉ ግን ከአንድ ቀን ብዙም አያልፍም። በትከሻ መካከል ከሚንጠባጠቡት ውስጥ ሴላሜክቲን ከ6 ሳምንት፣ ፊፕሮኒል ከ8 ሳምንት ጀምሮ ነው። መጠኑ በክብደት ስለሚለያይ ቡችላውን ሳይመዝኑ መስጠት አይገባም። እናትየዋ አብራ ካለች እርሷም መታከም አለባት፤ ለምታጠባ ውሻ የሚሆነውን የሚመርጠው ግን ሐኪሙ ነው።

በጋዜጣ ሥራ ላይ በቆየንባቸው ዓመታት አንድ ነገር ተምረናል፤ ዋናው ቁም ነገር ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በትንንሽ ፊደል ነው። በመድኃኒቱ ማሸጊያ ላይም እንዲሁ ነው። ዕድሜው፣ ክብደቱ፣ ለውሻ ይሁን ለድመት የተጻፈው እዚያ ነው። እንግሊዝኛው ካስቸገረ ልጆቻችን ያንብቡልን። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በእነዚህ በሚንጠባጠቡ መድኃኒቶች ላይ ማስጠንቀቂያ ያወጣው የጉዳት ሪፖርቶች ስለበዙበት ነበር። የትልቅ ውሻን መድኃኒት ለሁለት ከፍሎ ለቡችላ መስጠት ቁጠባ አይደለም። ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት ደግሞ በቤት ያለችውን ድመት ሊገድል ይችላል።

«ከተፈጥሮ የተገኘ ነው» ተብሎ የሚመከረውም ሁሉ ደኅና አይደለም። ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። ቲ ትሪ የሚባለው ዘይት ከተቀባ ወይም ከተላሰ ቡችላን ሊመርዝ ይችላል።

ጠላት ያለው ምንጣፉ ውስጥ ነው

ቡችላው ላይ የምናያቸው ቁንጫዎች ከጠቅላላው 5 በመቶ ያህል ቢሆኑ ነው። የቀሩት እንቁላል፣ እጭና በሽፋን የተጠቀለሉ ሆነው በምንጣፉ፣ በሶፋውና በመኝታው ውስጥ ተደብቀዋል። አንዲት ሴት ቁንጫ በቀን እስከ 40 እና 50 እንቁላል ትጥላለች። በሽፋን ውስጥ ያለችውም ሙቀትና እንቅስቃሴ እስኪሰማት ድረስ ለወራት መቆየት ትችላለች። ስለዚህ የቡችላውን ምንጣፍና ጨርቅ ቢያንስ በየሳምንቱ በፈላ ያህል በሞቀ ውሃ ማጠብ፣ ቤቱን በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ በቫኪዩም መጥረግ፣ ከሶፋ ሥርና ከግድግዳ ጥግ መጀመር፣ የተጠራቀመውንም ወዲያው ከቤት አውጥቶ መጣል ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ ያሉ ሌሎች ውሾችና ድመቶችም ለየራሳቸው በሚሆን መድኃኒት አብረው ካልታከሙ ድካሙ ከንቱ ነው። ቁንጫው በሁለት ሳምንት ጠፋ ብሎ መተው አይገባም። ነገሩ እስከ 3 ወር ሊወስድ ይችላል።

ሁለት ሥራ እየሠራ ኪራይ ለሚከፍል ወገናችን የሐኪም ክፍያ እንደሚከብድ አንዘነጋም። ሆኖም በብዙ ከተሞች የእንስሳት መጠለያዎች በአነስተኛ ዋጋ የሚያክሙባቸው ክሊኒኮች አሏቸው፤ መድኃኒት ከመግዛት በፊት ስልክ ደውሎ የቡችላውን ዕድሜና ክብደት ነግሮ መጠየቅም ይቻላል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የአሥር ደቂቃ ጥያቄ ከሌሊት የድንገተኛ ክፍል ክፍያ ያድናል። መድኃኒት ከተሰጠው በኋላ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያስመልሰው ወይም ምራቁ የሚዝረበረብ ቡችላ ካለ ግን የተቀባውን በለብ ያለ ውሃና በሳሙና አጥቦ፣ ማሸጊያውን ይዞ ወዲያው ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ውድ አንባብያን፣ አዲስ ቡችላ የገባበት ጎረቤት ወይም ዘመድ ካላችሁ ይህን አንብቡለት። ላምባውም በጋራዡ ይቀመጥ።

ቸር እንሰንብት።