ለኩላሊት ሕመምተኛ ቁርስ፦ ከእህሉ ይልቅ ማባያው

በመተማ፣ በገንዳ ውኃና በቋራ ቆላ የብዙ ቤት ቁርስ ማሽላ ነው፤ ገንፎ ወይም ፍርፍር። ከሱዳን በኩል የመጣው ፉልም በየቁርስ ቤቱ አይጠፋም። ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም እንዳለበት የተነገረው ሰው ምን ልብላ ብሎ ሲጨነቅ፣ አንዱ ማሽላውን ተው ይለዋል፤ ሌላው የታሸገ ኮርንፍሌክስ ግዛ ይለዋል። ሁለቱም ምክሮች ዋናውን ነገር ይስታሉ።

ጤነኛ ኩላሊት ከምግብ የተረፈውን ጨው፣ ፖታሲየምና ፎስፈረስ በሽንት ያስወጣል። ሲዳከም ሦስቱም ደም ውስጥ ይጠራቀማሉ። ጨው ውኃ ይዞ እግር ያሳብጣል፣ የደም ግፊት ይጨምራል። ፎስፈረስ አጥንት ያሳሳል፣ ሰውነት ያሳክካል። ፖታሲየም ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ያለ ምንም ምልክት የልብ ምትን ሊያዛባ፣ ልብን ሊያቆምም ይችላል።

100 ግራም ማሽላ ወደ 300 ሚሊግራም ፎስፈረስ አለው። ቁጥሩ ቢያስፈራም፣ የእህል ፎስፈረስ በአብዛኛው ፋይቴት በሚባል ውህድ የታሰረ ስለሆነ አንጀት የሚወስደው ከግማሽ በታች ነው። በፋብሪካ ምግብ ላይ የሚጨመረው ፎስፌት ግን ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ደም ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ፎስፌት የተጨመረበት ወይም ጨው የበዛበት የካርቶን እህል ከቤት ገንፎ አይበልጥም። ፉርሽካ የበዛበትም ፖታሲየሙና ፎስፈረሱ ከፍ ያለ ነው።

ጥንቃቄው የሚያስፈልገው ማባያው ላይ ነው። በርበሬ በፖታሲየም የበለጸገ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጨው ገብቶበት ስለሚፈጭም ገንፎው መሐል የሚደረገው ሁለቱንም ይዞ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው የቀን ጨው ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ በታች ነው። ፖታሲየሙ ከፍ ያለበት ሰው ፉል ካማረው ባቄላው አድሮ ይዘፍዘፍ፣ ውኃው ይደፋ፣ በአዲስ ብዙ ውኃ ተቀቅሎ ያም ይደፋ፤ መጠኑም ይነስ። የአገሩ ሰሊጥ ፍሬው በፎስፈረስ የከበደ ነው፤ ዘይቱ ግን ፎስፈረስም ፖታሲየምም የለውም ማለት ይቻላል፣ ሁለቱም ፋጉሎው ውስጥ ይቀራሉና። በጨው ምትክ የሚሸጠው ፖታሲየም ክሎራይድ ከሁሉም የከፋ አደጋ አለው።

የቆላው ሙቀት ሌላ ፈተና ነው። ሽንቱ ያልቀነሰ፣ ሰውነቱ ያላበጠ ሰው ውኃ ቢጠማ ኩላሊቱ ይበልጥ ይጎዳል፤ ያበጠው ግን ሐኪሙ ከፈቀደለት እንዳያልፍ፣ ቀጭን ገንፎና ሻይም ይቆጠሩበታል። ከእርሻ ውሎ በኋላ ለወገብ ሕመም የሚዋጡት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለታመመ ኩላሊት ጠንቅ ናቸው።

ይህ ሁሉ ለሁሉም እኩል አይሠራም፤ ፖታሲየሙ ልክ የሆነ ሰው ፉሉን ያለ ምክንያት መተው የለበትም። የሚወስነው የደም ምርመራ ነው። ኩላሊት ሥራውን ካቆመ በኋላ የኩላሊት እጥበት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ነው፤ ከመተማ እስከ ጎንደር ደግሞ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ቁርስዎን ከመቀየርዎ በፊት የኩላሊት ሥራ የሚለካበትን ክሬቲኒንዎንና ፖታሲየምዎን ይመርመሩ፤ ውጤቱንም ይዘው ከሐኪምዎ ጋር ይመካከሩ።